እናቴ ቤት ስትመርጥ

በዘጠኝ ዓመቴ፣ እናቴ አባቴን ጥላው ልትሄድ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ማንም አልነገረኝም። ፍሎሪዳ ውስጥ ቤት ስትፈልግ በከረመችባቸው ሦስት ሳምንታት፣ ከመኪናችን የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አንድ በአንድ ለቅሜ የደረስኩበት ነገር ነው።

ከዌስት ቨርጂኒያ የወጣነው በነሐሴ ነው። ቤንዚን በወረፋ መሸጡ ገና ማብቃቱ ነበር። አባቴ ሀርላን ሃያ ሁለት ዓመት ከሰል ቆፍሯል። እኔ የማውቀው ከጉድጓድ መውጣቱን እንጂ ለምን እንደወጣ አልነበረም። "ይቺ ሳል የተራራ ሳል ናት" ይለኝ ነበር፣ "ሙቀት አትወድም። ፍሎሪዳ ድንበር ላይ ስንደርስ ከመኪናው ትወርዳለች።" አመንኩት። ድንበሩን ስንሻገር ዞሬ በኋላ መስኮት መንገዱን አየሁ። ሳሏ ስትወርድ የማያት መስሎኝ ነበር።

ሳሏ አልወረደችም። ከእኛው ጋር ተሳፍራ ገባች።

ከአውራ ጎዳናው ዳር በሳምንት ሂሳብ የምትከራይ አንዲት ክፍል ያዝን። እናቴ በአንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ቦሎቄ ትቀቅላለች፤ አባቴ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የጋዜጣውን የቤት ማስታወቂያ በሬዲዮ አንባቢ ድምፅ ያነባል። "ሁለት መኝታ፣ የባሕር ነፋስ፣ የሎሚ ዛፍ በደጅ!" የሎሚ ዛፍ ያለበትን ቤት ሁሉ እኔ እወደው ነበር። አባቴም እንደዚያው። እናቴ ኢሞጂን ግን ምንም አትወድም። ጠዋት በመኪና እንወጣለን፤ ወንበሩ የፀሐይ ቋያ ሆኖ ጭኔን ይለበልበኛል፤ መስታወቱ ላይ የሚፈጠፈጡትን ጥቁር ትንኞች አባቴ በጨርቅ ይፈገፍጋል፤ እናቴ ቤት ትገባለች፣ ትወጣለች፣ አንገቷን በእምቢታ ትነቀንቃለች። በአስራ አንደኛው ቤት ላይ መቁጠር ተውኩ።

ከሁሉም የማልረሳው ኮኪና በምትባል የባሕር ዳር መንደር ያየነውን ሮዝ ቤት ነው። ከበረንዳው እስከ ውሃው መቶ እርምጃ አይሞላም። ዋጋው ከአቅማችን በታች ነበር። አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ትንፋሹን ቀስ ብሎ ሳበና ዓይኑን ጨፈነ።

"ጂኒ፣ ይሄ ቤት እኮ ራሱ 'ግቡ' ይላል" አላት፣ ኢሞጂንን አሳጥሮ።

እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች። ቁም ሳጥኑን በትከሻዋ ገፍታ ከግድግዳው አላቀቀችው። ከጀርባው፣ በኔ ደረት ልክ፣ ቡናማ መስመር ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞ ይሄዳል። ቤቱን የሚያሳየን ሰውዬ ኮሌታውን ነካካ።

"የድሮ ቀለም ነው እመቤቴ።"

"ቀለም ከሆነ ቀቢው እጁ አይዛነፍም ማለት ነው" አለች እናቴ። ወደ አባቴ ዞረች። "ቤቱ 'ግቡ' ካለ፣ ባሕሩም 'ልግባ' ብሎት ያውቃል።"

አባቴ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ በረንዳው ምሰሶ ላይ አስደገፈው። እኔ አለቀስኩ። ባሕሩን ጥለን ስንሄድ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ። እናቴ ባሕር የምትጠላ ሴት ናት ብዬ ደመደምኩ።

ዛሬ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። በየእሑዱ ባሕር ዳር እወስዳታለሁ፤ መኪናው ሳይቆም ጫማዋን ታወልቃለች። ከሦስታችን ባሕሩን አብልጣ የወደደችው እሷ ነበረች። ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ያን ጊዜ ግን ማስረጃ እሰበስብ ነበር። እናቴ አንድ ቤት ትንሽ ደህና የመሰላት እንደሆነ፣ እኛን መኪና ውስጥ ትታ የጎረቤት በር ታንኳኳለች። "አንድ ብርጭቆ ውሃ ይሰጡኛል?" መኪናችን ውስጥ በበረዶ የተሞላ ትልቅ ኮዳ እያለ! አንዷ በበሩ ስንጥቅ ብርጭቆ ታቀብላታለች፣ አንዷ "የአትክልቱ ቧንቧ እዚያ ነው" ትላታለች፣ አንዱ ሽማግሌ ከነውሻው ወጥቶ "የምን ሃይማኖት ሰባኪ ነሽ?" አላት። እናቴ ሁሉንም አመስግና ትመለስና ዝም ብላ መኪናውን ታስነሳለች። ባዕድ ሰው ቤት እየዞረች መጠጣቷ ያሳፍረኝ ነበር። ለውሃው እንዳልነበረ ማን ይንገረኝ?

ሌላው ደግሞ ሰዓቱ ነው። የአባቴን የኪስ ሰዓት ይዛ፣ ከምናየው ቤት እስከ ከተማው ሆስፒታል በእግሯ ትሄዳለች፤ በፍጥነት፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ። እኛ በመኪና ከኋላ እንከተላለን። አባቴ በመስኮት "በርቺ! በርቺ! አንደኛ ልትወጪ ነው!" ይላታል፤ እሷ ትስቅና ፍጥነቷን አትቀንስም። እኔ ግን ምን ያህል ፈጥና ከእኛ መሸሽ እንደምትችል የምትለካ መሰለኝ።

አንድ ቀን ደግሞ የእሳት አደጋ ጣቢያ በር ላይ አቆመችን። ቀዩን መኪና እየጠረገ ያለውን ወጣት፣ "ከዚህ እስከዚያ ዛፍ የበዛበት ሰፈር በስንት ደቂቃ ትደርሳላችሁ?" አለችው።

"ምን ተቃጠለ እመቤቴ?"

"ገና ምንም" አለች።

ወጣቱ ሲስቅ እኔ ደነገጥኩ። ይህች ሴት ቤት ልትገዛ ነው ወይስ ልታቃጥል?

ከማስረጃዎቼ ሁሉ የከፋው ግን በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ገደማ፣ እንደ ወትሮው ሰማዩ ተቀድዶ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድብ ነበር። እኔ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እግሬ ላይ የተሰካ የአሸዋ እሾህ እነቅላለሁ። ግድግዳው የወረቀት ያህል ነው። እናቴና አባቴ እንደማልሰማ ሆነው ያወራሉ።

"አንተ ባሕሩን ወደድከው፤ አየሁህ እኮ" አለች እናቴ።

"እኔን ተዪኝ ጂኒ።"

"ሀርላን..."

"ተዪኝ ስልሽ። እኔን ተዪኝና አንቺና ዊላ ብቻችሁን የምትኖሩበትን ምረጪ። ይሄን ተነጋግረን ጨርሰናል እኮ።"

ዊላ እኔ ነኝ። ከዚያ እናቴ፣ እኔ ሰምቼው በማላውቅ ቀጭን ድምፅ፣ "እሺ" አለች።

እሺ! እሾኩን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ተዪኝ አላት፤ እሺ አለችው። በሰፈራችን እናቱ ጥላው የሄደች ልጅ ነበር፤ አባቱ ሸሚዙን ገልብጦ እያለበሰው ትምህርት ቤት ይልከው ነበር። አባቴ ሸሚዙን ገልብጦ ሲለብስ ታየኝ።

በማግስቱ ከባሕሩ ርቃ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ወደምትገኝ ኦሊታ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄድን። ባሕር የለም፤ ብርቱካን ብቻ ነው። ከተማው ከነመንገዱ፣ ከነቤተ ክርስቲያኑ የጭማቂ ፋብሪካው ሽታ ያርፍበታል፤ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ። ቀይ አሸዋ ኮረብታ ላይ፣ ትልቅ የዋርካ ያህል የተንሰራፋ ዛፍ ስር፣ ነጭ የእንጨት ቤት ነበር። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ኮርዲሊያ የሚባሉ መበለት ናቸው፤ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ኮሌታቸው በሞቃት ቀን እስከ አገጫቸው የተቆለፈ፣ ድምፃቸው የሰንበት ትምህርት የሚያስተምር ሴት ድምፅ።

እናቴ ቤቱን ዞረችው። ግድግዳ ነካች፣ ቧንቧ ከፈተች፣ የጣሪያውን እንጨት በመጥረጊያ ዱላ መታ መታ አደረገች። ሆስፒታሉ አራት መንገድ ተሻግሮ ነው ያለው። ፋብሪካው ሴቶች ይቀጥራል። ኮረብታው ላይ ደግሞ ውሃ ከቶም ደርሶ አያውቅም። ዋጋው በእጃችን ካለው ብዙም አይበልጥም፤ የበለጠውንም ወይዘሮ ኮርዲሊያ ቀስ በቀስ እንድንከፍል ፈቅደዋል። "ገንዘብ አይደለም ዋናው" አሉ። "ባሌ በእጁ የሠራው ቤት ነው። ደህና ቤተሰብ እንዲገባበት ነው የምፈልገው።"

በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የእናቴ ፊት ተፈታ። ዛፉ ስር ቆማ ወደ ላይ አየችና ለራሷ ፈገግ አለች። ከወይዘሮ ኮርዲሊያ ጋር ተጨባበጡ፤ ለነገ ውል ቀጠሩ። ከዚያ እናቴ ሰዓቱን ይዛ ወደ ሆስፒታሉ ወረደች፤ አባቴ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ እኔ ከወይዘሮ ኮርዲሊያ ጋር በረንዳ ላይ ቀረሁ።

በጨው የተቀቀለ ለውዝ በሳህን ሰጡኝ። ጥሬና ቆሎ እንጂ የተቀቀለ አላውቅም ነበር፤ ለስላሳ ነው፣ እንደ ባቄላ።

"ክፍልሽን መረጥሽ?" አሉኝ።

"ለኔና ለእማዬ ነው ክፍሉ" አልኩ። "አባዬ እዚህ አይኖርም።"

ለውዙን መፈልፈላቸውን አቆሙ። "ምን ማለትሽ ነው ልጄ?"

ያኔ ሁሉንም ዘከዘክኩት። እማዬ አባዬን ጥላው ልትሄድ እንደሆነ፤ እሱ እያሳለ እሷ ለብቻዋ ቤት እንደምትመርጥ፤ ተዪኝ ሲላት እሺ እንዳለች በጆሮዬ እንደሰማሁ። "ለአባዬ እንዳይነግሩብኝ" አልኩ በመጨረሻ። እያለቀስኩ ነበር፣ ግን እንደ ጀግና ይሰማኝ ነበር። ቤቱ ከቀረ እኛም አብረን እንቀራለን፤ የኔ ሂሳብ ይህ ነበር።

በማግስቱ እናቴ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። እኔ ከጎኗ ነበርኩ፤ አባቴ ትንፋሽ አጥሮት ከታች መኪናው ጋ ቀርቷል። ወይዘሮ ኮርዲሊያ ግቡ አላሉንም። በሩን በገላቸው እንደዘጉ ቆሙ።

"ሐሳቤን ቀይሬአለሁ" አሉ።

"ምነው? ዋጋው ከሆነ..."

"ዋጋው አይደለም።" አንድ ጊዜ ወደ መኪናው አዩ። "እኔ ባሌን አስራ አራት ወር አልጋ ላይ አስታምሜ ነው የቀበርኩት። የታመመ ባሏን ጥላ ለምትሄድ ሴት የሱን ቤት አልሸጥም። እውነት ነው ወይስ ውሸት? አንቺና ልጅቷ ብቻችሁን ልትኖሩበት ነው ወይስ አይደለም?"

እናቴ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዓይኗ ወደ እኔ ወረደ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ያቺን ደቂቃ አሁንም አያታለሁ። ከረጢቷን የያዙ የእናቴ ጣቶች ሲነጡ፣ ዛፉ ላይ አንድ ወፍ ሲጮህ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልጋት። "ባሌ እየሞተ ነው" ብትል ኖሮ፣ ያቺ ሴት፣ በተለይ ያቺ ሴት፣ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍትላት ነበር።

"እውነት ነው" አለች እናቴ። "እኔና ልጄ ብቻችንን የምንኖርበት ነው የፈለግኩት።"

"እንግዲያው እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ።"

"አሜን" አለች እናቴ። እጄን ይዛኝ ደረጃውን ወረድን። እጇ አልጠበቀም፤ አላመመኝም። መኪናው ውስጥ አባቴ "ፈረማችሁ?" ሲል፣ "ቀድሞን የወሰደው ሰው አለ" አለችውና ቁልፉን አዞረች።

እኔ አሸነፍኩ ብዬ ነበር። ግን ዞሬ ኮረብታውን ለማየት አልደፈርኩም።

ከኦሊታ ግን አልወጣንም። ከኮረብታው ግርጌ፣ ባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ከብሎኬት የተሠሩ ውበት የሌላቸው ቤቶች ነበሩ። የአንዱ ጣሪያ ይጠገናል የሚባል ዓይነት ነው፤ ማለትም ያፈሳል። ግቢው ዝናብ ሲጥል ኩሬ ይሠራል። ዛፍ የለም። አባቴ እንኳን ምንም የሚያሞግስበት ነገር አጥቶ፣ "ባቡር በነፃ እናያለን" ብቻ አለ። እናቴ ከውጭ አይታው ልትሄድ ስትል፣ ከልማዷ የጎረቤቱን በር አንኳኳች።

አንዲት ወፍራም፣ ጥቁር፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ሴት ወጣች። ዜልማ ትባላለች፤ ሆስፒታሉ ውስጥ የሕሙማን ረዳት ናት። እናቴ ውሃዋን ለመነች። ዜልማ ብርጭቆውን አመጣች፤ ግን እየሰጠቻት ዓይኗ ወደ መኪናው ሄደ። አባቴ በሩን ከፍቶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ያስላል። ዜልማ ምንም ሳትጠይቅ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ የወጥ ቤት ወንበር በአንድ እጇ አንጠልጥላ ወጣች፤ እናቴን አልፋ፣ ሐዲዱ ዳር ባለው ጠጠር ላይ በነጠላ ጫማ ሄዳ፣ ወንበሩን አባቴ አጠገብ መደገፊያውን ወደ ፊት አዙራ አስቀመጠችው።

"እንዲህ ተቀመጥ ወንድሜ። ፊትህን ወደ መደገፊያው። እጅህን እላዩ ላይ ጣለው። አዎ። በአፍንጫህ አስገባ፣ ከንፈርህን ሹል አድርገህ አስወጣ። ሻማ እንደምታጠፋ።"

አባቴ እንዳለችው አደረገ። ሳሉ ቀስ በቀስ በረደ። ዜልማ ወደ እናቴ ዞረች።

"ከሰል?"

እናቴ ወደ እኔ አየችና አንገቷን ብቻ በአዎንታ ነቀነቀች።

"ገባኝ" አለች ዜልማ፤ ወዲያው ድምፅዋን ለወጠች። "ይቺ ቆንጆ ማን ናት? ነይ እቴ፣ በረዶ ትበያለሽ?"

እናቴ በዚያው ቀን ከሰዓት ያንን የሚያፈስ ቤት ገዛች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ፤ እሷ ቤት አልገዛችም፣ ዜልማን ነው የገዛችው፤ ቤቱ ምራቂ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ የገባኝ ሌላ ነው፤ ስለተናደደች ሆን ብላ አስቀያሚውን መረጠችብን።

እናቴ ፋብሪካ ገባች። ቀኑን ሙሉ ቢጫ ቅርፊት ያለውን ትልቁን ትርንጎ መሰል ፍሬ፣ ግሬፕፍሩት የሚሉትን፣ ትልጣለች፤ ማታ ስትመጣ ጣቶቿ ከአሲዱ የተነሳ ቆስለው በቫዝሊን ትቀባቸዋለች። በእሑድ ቀኗ ጣሪያው ላይ ወጥታ ሬንጅ ታፈሳለች። ዜልማ ከታች ቆማ፣ "ውረጂ አንቺ ሴት! ሁለት በሽተኛ አላስታምምም!" ትላታለች። እኔና አባቴ ደግሞ የከተማው ሐይቅ ዳር በሸምበቆ ዘንግ ዓሣ እናጠምዳለን። እሱ ወንበሩን አዙሮ ይቀመጣል፤ እኔ ትል እሰካለሁ። "ለሚመጣው ዓመት ጀልባ እንከራያለን" ይለኛል፣ "አንቺ ትቀዝፊያለሽ፣ እኔ አዛዥ እሆናለሁ።" ከጀልባው ስም ጀምሮ ሁሉን ነገር ተነጋግረን ጨርሰን ነበር። መስከረምና ጥቅምት እንዲህ አለፉ። የአባቴ ወዝ የተመለሰ መሰለኝ። እናቴም እስካሁን አልሄደችም። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው ሻንጣዋ ቁም ሳጥኑ ላይ መኖሩን ነበር።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴ ሥራ ላይ እያለች፣ አባቴ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀና ማለት አቃተው። ከንፈሩ የወይን ቀለም ያዘ። እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ሊለኝ የፈለገው አልወጣም።

ሮጥኩ። አጥር የለንም፤ አስራ ስድስት እርምጃ ነው። "ዜልማ!" ከማለቴ ወጣች፤ በሌሊት ልብሷ፣ አንድ እግሯ ባዶ። አባቴን ቀና አድርጋ ይዛ፣ "ስልኩ አጠገብ ወረቀት ተለጥፏል፣ ቁጥሩን አንብቢና ደውይ፤ ከዚያ ለፋብሪካው ደውይ" አለችኝ። ግድግዳው ላይ፣ በኔ ቁመት ልክ፣ በእናቴ ትልልቅ ጽሑፍ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። ሁለት ወር ሙሉ አይቻቸው ምንድናቸው ብዬ አልጠየቅኩም። የእሳት አደጋው መኪና ኦክስጅኑን ይዞ ሐዲዱን ሲሻገር ዜልማ "ስድስት ደቂቃ" አለች። እናቴ ከኦሊታ ጣቢያ ጠይቃ የነገረቻት ቁጥር ነበር፤ አልተዛነፈም።

ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ስጠብቅ እናቴ እየሮጠች መጣች። ነጭ የጎማ ሽርጥ፣ ፀጉሯ በመረብ፣ ከእሷ ቀድሞ የሚመጣ የፍሬ ሽታ። ሐኪሙ ደህና እንደሚሆን፣ ለዛሬ ደህና እንደሚሆን ነገራት። ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች፤ ወለሉ ላይ።

"አትተዪውም አይደል?" አልኳት።

"ማንን?"

"አባዬን። 'ተዪኝ' ሲልሽ ሰምቻለሁ። እሺ ስትዪው ሰምቻለሁ።"

 ከዚያ በቆሰሉ እጆቿ ፊቴን ያዘችና ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር እንደሚወራ አወራችኝ። የአባቴ ሳንባ ድንጋይ እየሆነ እንደሆነ፤ ሐኪሞች አንድ ክረምት፣ ቢበዛ ሁለት እንዳሉት፤ "ተዪኝ" ያላት እሱን ሳታስብ፣ እሱ ከሄደ በኋላ እኔና እሷ የምንኖርበትን እንድትመርጥ እንደሆነ። እሺ ያለችው አፏ ብቻ ነበር። ሞቃቱን አየር፣ ሆስፒታሉን፣ ስድስቱን ደቂቃ የመረጠችው ለእሱ ነው። እስከ ገና ድረስ እንዳትነግረኝም አስምሏት ነበር።

"ለወይዘሮ ኮርዲሊያ የነገርኳቸው እኔ ነኝ" አልኩ።

"አውቃለሁ።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ያኔውኑ። ጫማሽን ስታዪ።"

አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ኖረ። ሐኪሞቹ አየሩ ነው አሉ፤ ዜልማ የኢሞጂን ግትርነት ነው አለች። በመጋቢት፣ ብርቱካኑ ሲያብብ፣ አዙሮ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ እንዳለ ሞተ። እናቴ በዚያ ቤት ውስጥ ቀረች፤ እኔን አስተማረች፤ ከዜልማ ጋር ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ሆና፣ በመጨረሻ ዜልማን እሷ አስታመመቻት።

ወይዘሮ ኮርዲሊያ ነገሩን ከሰው ሰምተው ኖሮ አባቴ የተቀበረ ዕለት መጥተው ነበር፤ በር ላይ ቆመው ቀሩ። እናቴ ክንዳቸውን ይዛ አስገብታ ከዜልማ ጎን አስቀመጠቻቸው። ስለ ቤቱ አንድም ቃል አልተነሳም።

ባለፈው ፀደይ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠን አተር ስንፈለፍል ነው የጠየቅኳት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ግን ያቺ የበር ላይ ደቂቃ አልተወችኝም።

"ለምን ዝም አልሽ? ቢያንስ እኔን ወደ መኪናው ልከሽ ለብቻቸው አትነግሪያቸውም ነበር?"

"መስኮት ስር ቆመሽ ትሰሚ ነበራ! ያንቺን ጆሮ የማላውቅ መስሎሽ ነው?"

"ቤቱ አላሳዘነሽም?"

"አላሳዘነሽም ትለኛለች እንዴ!" ሳቀች። "ሦስት ቀን ነው ያለቀስኩት። ሻወሩን ከፍቼ። አባትሽ 'ምነው ይቺ ሴት ዓሣ ልትሆን ነው እንዴ' እስኪል።"

አተሩን በመዳፏ አንከባለለች፤ ጣቶቿ ዛሬም ቀጥ አይሉም።

"አስቢው እስኪ ዊላ። አፌን ብከፍት ቤቱን አገኝ ነበር። አንቺ ግን በዚያች ደቂቃ አባት ታጪ ነበር፤ በቁሙ። ከነሐሴ እስከ ኅዳር የሚድን አባት ነበረሽ። ጀልባ ስም ስታወጡ ከወጥ ቤት እሰማችሁ ነበር። እሱ ባንቺ ዓይን ራሱን እያየ፣ እድናለሁ ብሎ ሳያምን አልቀረም።" አተሩን ሳህኑ ውስጥ ጣለችው። "እኔም አንዳንዴ፣ ሐይቁ ዳር ሁለታችሁን ከሩቅ ሳያችሁ፣ አምን ነበር።"